መለኪያው ጤነኛ ያለው ቀርፋፋ ኤስኤስዲ

ላፕቶፔ ሁልጊዜ የሚንቀረፈፍ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል አያብሰለስለኝም ነበር። ነገሩን ከአእምሮዬ እንዳላወጣው ያደረገኝ መምረጡ ነው። ሰሞኑን የጻፍኩትን ሰነድ ስከፍት ጣቴን ከመዳሰሻው ሳላነሳ ይከፈታል፤ ከዓመታት በፊት ያስቀመጥኳቸውን ፎቶዎች የያዘውን ፎልደር ስከፍት ግን ምስሎቹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ይመጣሉ፤ አንዳንዴም መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይቀርና ፕሮግራሙ ምላሽ እየሰጠ አለመሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ ከላይ ብቅ ይላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳም እንዲሁ ነው። የመግቢያ ገጹ እስኪመጣ የሚወስደው ጊዜ እየረዘመ ሄዷል፤ ከተነሳ በኋላ የማወርደው አዲስ ፋይል ግን ያለ አንዳች ማንገራገር ዲስኩ ላይ ያርፋል። አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ ፈጣንም ቀርፋፋም ሲሆን ሰው የሚጠረጥረውን ያጣል።

በውስጡ ያለው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው፣ ዳታን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ) 500 ጊጋባይት የሚይዝ፣ ሳታ በሚባለው የዲስክ መገናኛ የሚገናኝ ነው። ሳታ በሰከንድ እስከ 6 ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ የማስተላለፊያው ኮድ የሚወስደው ድርሻ ሲቀነስ 600 ሜጋባይት፣ በተግባር ደግሞ 550 አካባቢ ይቀራል። ኤንቪኤምኢ በሚባለው አዲሱ መገናኛ የሚሠሩት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈጥናሉ፤ ፎቶ ለመክፈት ግን 550 ከበቂ በላይ ነው። ታስክ ማናጀር (የዊንዶውስ የሥራ መከታተያ) ላይ ያየሁት ቁጥር ከዚህ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። አሮጌው ፎልደር በሚነበብበት ጊዜ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል፤ የንባቡ ፍጥነት ግን በሰከንድ በ30 እና በ40 ሜጋባይት መካከል ይዋልላል። ዲስኩ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም ማለት ነው፤ በሙሉ አቅሙ እየለፋ የሚያመጣው ይህን ያህል ብቻ ነው።

የተለመዱት ተጠርጣሪዎች

ኤስኤስዲ ሲዘገይ የሚጠረጠሩት ነገሮች የታወቁ ናቸው። እያንዳንዳቸው ግን የየራሳቸው አመል ስላላቸው፣ ዲስኩን ከመነካካት በፊት ችግሩ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ ማስተዋሉ ብዙ ድካም ያተርፋል። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ በዋናነት የሚጎዳው መጻፍ ነው። ናንድ ፍላሽ (ኤስኤስዲ ዳታን የሚያስቀምጥበት ቺፕ) በተጻፈበት ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም፤ የሚጽፈው በገጽ፣ የሚያጠፋው ግን ብዙ ገጾችን በያዘ ብሎክ ስለሆነ፣ ባዶ ብሎክ ሲያጣ መጀመሪያ የሚፈለገውን ዳታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር፣ ከዚያ ብሎኩን ማጥፋት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መጻፍ ይኖርበታል። የእኔ ዲስክ ግን ግማሽ ያህሉ ባዶ ነበር። ትሪም ተዘግቶ ከሆነም ውጤቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ፋይል ስናጠፋ ዊንዶውስ ቦታው ከእንግዲህ እንደማይፈለግ ለዲስኩ ካልነገረው፣ ኮንትሮለሩ (ዲስኩን የሚመራው ቺፕ) የተጣለውንም ዳታ እንደሚፈለግ ቆጥሮ ተሸክሞት ይዞራል። ትሪም ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ አለ፤ በትእዛዝ መስኮቱ ስጠይቅ የመጣልኝ መልስ 0 ነበር፣ ይህም እየሠራ ነው ማለት ነው። (ጥያቄው የሚቀርበው «ተዘግቷል ወይ» ተብሎ ስለሆነ 0 መልካም ዜና መሆኑ ብዙ ሰው ያደናግራል።)

ሙቀት ቢሆን ዲስኩ መጀመሪያ ፈጥኖ፣ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። የኤስኤልሲ ካሽ (ዲስኩ አዲስ ጽሕፈትን መጀመሪያ በፍጥነት የሚቀበልበት ክፍል) ማለቅም እንዲሁ በትልልቅ ጽሕፈት መሀል ድንገት የሚመጣ ቁልቁለት ነው፤ ካሹ ሲሞላ ዲስኩ ወደ እውነተኛ የመጻፍ አቅሙ ይወርዳል፣ በተለይ በአንድ ሴል 4 ቢት የሚያጭቁት ኪውኤልሲ ዲስኮች ላይ ውድቀቱ ያስደነግጣል። የእኔው ግን ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ቀርፋፋ ነው፤ የሚቸገረውም ሲያነብ እንጂ ሲጽፍ አይደለም። ራም ሞልቶ ዊንዶውስ ዲስኩን በራም ምትክ እየተጠቀመበት እንዳይሆንም አየሁ፤ ሰፊ ቦታ ነበረው። በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ፣ ዲስኩ መልስ ነፍጎ ግንኙነቱ እንደገና እንዲጀመር መደረጉን የሚናገረው ቁጥር 129 ማስጠንቀቂያ አልተመዘገበም። የሳታ ግንኙነቱም በሙሉ ፍጥነቱ ነበር።

ከዚያ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ የዲስክ ፍጥነት የሚለካውን ክሪስታልዲስክማርክን አስነሳሁ። ተከታታይ ንባብ በሰከንድ 540 ሜጋባይት ገደማ፣ ተከታታይ ጽሕፈት 500 ገደማ። የ4 ኪሎባይት ቁርጥራጮችን በዘፈቀደ ሲያነብም የሚያሳፍር ውጤት አላመጣም። የዲስክን ጤና የሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎም ሰማያዊ ምልክቱን አብርቶ ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን አረጋገጠልኝ። ችግሩን የነገርኳቸው ሰዎች በሙሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ ፎርማት አድርገውና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንበት። ምክሩ መጥፎ ነው አልልም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንደሚያድን አውቃለሁ። ነገር ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ለምን እንደሚያድን ሳላውቅ ዲስኩን ለማጥፋት እጄ አልታዘዘልኝም።

አንድ ፋይል፣ ሁለት ፍጥነት

መለኪያው ራሱ እንዴት እንደሚለካ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ክሪስታልዲስክማርክ ሥራውን ሲጀምር በዲስኩ ላይ የራሱን የሙከራ ፋይል ይፈጥራል፤ ምርጫውን ካልቀየርንበት መጠኑ 1 ጊጋባይት ነው። ከዚያ ያንኑ ፋይል ያነባል፣ ይጽፍበታል፣ ሲጨርስም ያጠፋዋል። ስለዚህ የሚነግረን ዲስኩ አሁን የተጻፈን ነገር በምን ፍጥነት እንደሚያነብ ብቻ ነው። ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠን ነገር በምን ፍጥነት እንደሚያነብ አልጠየቀውም፤ እኔ የምቸገረው ደግሞ በዚያ ባልተጠየቀው በኩል ነው። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፣ የሌላ ጥያቄ መልስ ነበር እንጂ።

ጥያቄውን ራሴ ለማቅረብ 10 ጊጋባይት ገደማ የሚሆን አንድ አሮጌ የቪዲዮ ፋይል መረጥኩ። ኮፒ በማድረግ መለካት ንባብንና ጽሕፈትን ስለሚያደባልቅ፣ ንባብን ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ፈለግኩ፤ ለዚህ ሃሽ ማውጣት ይመቻል። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነብና ከይዘቱ የሚመነጭ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትቀየር ሰንሰለቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። አሮጌው ፋይል ከአራት ደቂቃ በላይ ወሰደ፣ በሰከንድ 40 ሜጋባይት መሆኑ ነው። ከዚያ በዚያው ዲስክ ላይ በሌላ ስም ኮፒ አደረግኩትና ላፕቶፑን ሪስታርት አደረግኩ። ሪስታርት ማድረጉ ለወጉ አልነበረም፤ ዊንዶውስ በቅርቡ ያነበበውንና የጻፈውን ራም ውስጥ ስለሚያቆይ፣ እንዳለ ቢለካ የሚለካው ዲስኩ ሳይሆን ራሙ ይሆናል።

ሲነሳ የኮፒውን ሃሽ አስወጣሁ። ሃያ ሰከንድ አካባቢ ፈጀ። ሁለቱን ሰንሰለቶች አንዱን ከሌላው በታች አድርጌ ፊደል በፊደል አየኋቸው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። ዲስኩ ያው ነው፣ ኮንትሮለሩ ያው ነው፣ ገመዱም፣ ዊንዶውሱም፣ ጸረ ቫይረሱም ያው ናቸው፤ ይዘቱ እስከ መጨረሻዋ ቢት አንድ ነው። ጸረ ቫይረሱ ቢሆን ሁለቱንም ባዘገየ ነበር። ግንኙነቱ ቢሆን ኮፒው ሃያ ሰከንድ ውስጥ ባልገባ ነበር። የፋይሉ መበጣጠስም ወደ አእምሮዬ መጣ፤ ሲታይ ግን አሮጌው ፋይል ያረፈው በጥቂት ትልልቅ ክፍሎች ነው፣ ያም ቢሆን ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ክንድ ስለሌለው መበጣጠስ ይህን ያህል አይጎዳውም። ሁሉንም እየቀነስኩ ስሄድ በሁለቱ ፋይሎች መካከል የቀረው ልዩነት አንድ ብቻ ነበር፤ አንደኛው የተጻፈው ከዓመታት በፊት፣ ሌላኛው ዛሬ።

ከዚህ በኋላ ኤችዲ ቲዩንን አስነሳሁ፤ ይህ ፕሮግራም ሲያነብ የራሱን ፋይል አይፈጥርም፣ ዲስኩ ላይ ያለውን እንዳለ ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ፍጥነቱን በመስመር ይስላል። መስመሩ ከላይ ተዘርግቶ ይሄድና ድንገት ወደ ታች ይወርዳል፣ ለረጅም ርቀት በታችኛው ወለል ላይ እየተንቀጠቀጠ ተጉዞ እንደገና ይወጣል። ከላይ የተዘረጋው ክፍል በአመዛኙ ባዶ ቦታ ነው፤ ትሪም የተደረገበትን ቦታ ኮንትሮለሩ ፍላሹን እንኳ ሳያይ በዜሮ ስለሚመልስ ፈጣን መምሰሉ አያስደንቅም፣ ሊያስደስትም አይገባም። ሸለቆዎቹ ግን አሮጌ ዳታዎቼ ያሉባቸው ናቸው። አንድ ዓይነት ጥግግት ባለው አንድ ቺፕ ላይ እንዲህ ያለ ስዕል ሲወጣ፣ ቺፑ ውስጥ ያለው ነገር እኩል አላረጀም ማለት ነው።

በሴሉ ውስጥ የሚሆነው

ናንድ ፍላሽ ዳታን የሚይዘው በሴሎቹ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን በማሰር ነው። በአንድ ሴል 1 ቢት የሚይዘው ኤስኤልሲ ሁለት ደረጃዎችን ብቻ መለየት ይበቃዋል። የእኔን ዲስክ ጨምሮ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ቲኤልሲ ግን በአንድ ሴል 3 ቢት ስለሚይዝ ስምንት የቻርጅ ደረጃዎችን መለየት አለበት፤ ኪውኤልሲ ደግሞ አሥራ ስድስት። ደረጃዎቹ በበዙ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ርቀት ይጠባል። የታሰሩት ኤሌክትሮኖች ደግሞ ለዘለዓለም ታስረው አይኖሩም፤ በጊዜ ብዛት በጥቂት በጥቂቱ ያመልጣሉ፣ ሙቀት ሲጨምር ማምለጡ ይፈጥናል፣ ሴሉ ብዙ ጊዜ ተጽፎበት ከሆነም እንዲሁ። ስለዚህ በአምስተኛው ደረጃ ላይ የተቀመጠ ሴል ከዓመታት በኋላ ወደ አራተኛው የተጠጋ መስሎ ይታያል።

ኮንትሮለሩ ሲያነብ የሴሉን ሁኔታ ከተወሰኑ የመለያ ቮልቴጆች ጋር ያነጻጽራል። ደረጃዎቹ ከቦታቸው ሲንሸራተቱ የመጀመሪያው ንባብ ብዙ የተሳሳቱ ቢቶችን ይዞ ይመጣል። ጥቂት ከሆኑ የስህተት ማረሚያው ያለ ምንም መዘግየት ያቃናቸዋል። ማረሚያው ከሚችለው በላይ ሲሆኑ ግን ኮንትሮለሩ የመለያ ቮልቴጁን ጥቂት ዝቅ አድርጎ ያንኑ ገጽ እንደገና ያነባል፤ አሁንም ካልተሳካ እንደገና። ቀለሙ የደበዘዘ ደብዳቤ የያዘ ሰው ወረቀቱን ወደ ብርሃን እያዘነበለ አንዱን መስመር ደጋግሞ እንደሚያየው መሆኑ ነው። በመጨረሻ ትክክለኛው ዳታ ይወጣል፣ ሃሾቹም አንድ የሆኑት ለዚህ ነው። ነገር ግን በአሥሮች በሚቆጠር ማይክሮ ሰከንድ ማለቅ የነበረበት ንባብ ብዙ እጥፍ ይወስዳል፤ ይህ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሲደገም 500 የነበረው ወደ 40 ይወርዳል።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። ሳምሰንግ በ2013 ለገበያ ያቀረበው 840 ኢቮ የተባለው የቲኤልሲ ዲስክ አሮጌ ዳታን ሲያነብ እጅግ እንደሚዘገይ በ2014 ተጠቃሚዎች ደረሱበት፤ አዲስ የተጻፈው ግን በሙሉ ፍጥነቱ ይነበብ ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ገደማ ማስተካከያ አወጣ። ከወራት በኋላ መዘግየቱ ሲመለስ ደግሞ በ2015 ሌላ ፈርምዌር (ዲስኩን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) ተከተለ። ሁለተኛው ፈርምዌር ያመጣው መፍትሔ ትኩረቴን የሳበው በቀላልነቱ ነው፤ ዲስኩ ሥራ ሲፈታ አሮጌውን ዳታ በየጊዜው ራሱ መልሶ እንዲጽፍ አደረገው። ዛሬ የሚወጡ ዲስኮች ብዙዎቹ የተሻለ ፍላሽና የተሻለ የስህተት ማረሚያ ስላላቸው ነገሩ በዚያ መልክ አይታይም፤ ነገር ግን ርካሽ ፍላሽና ደካማ ፈርምዌር በተገናኙበት ሁሉ ያው ተፈጥሮ ብቅ ይላል።

የጤና መለኪያው ለምን ዝም እንዳለም እዚህ ላይ ግልጽ ሆነልኝ። ስማርት (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘው መዝገብ) ላይ የምናየው ፐርሰንት በዋናነት የሚቆጥረው ሴሎቹ ምን ያህል ጊዜ እንደተጻፉና እንደተደመሰሱ ነው። ጥቂት የተጻፈበት ዲስክ፣ የያዘው ዳታ የቱንም ያህል ቢያረጅ፣ 98 ፐርሰንት ጤነኛ ነው ይባላል። በዚህ ሚዛን ብዙ የማይጻፍበት ዲስክ ሁሌም አዲስ ነው፤ ብዙ የማይጻፍበት ዲስክ ደግሞ አሮጌ ዳታ የሚበዛበት ነው።

ፎርማት የሚያድንበት ምክንያት

አሁን ወደ ምክሩ ልመለስ። ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ላፕቶፑን ያፈጥነዋል፤ ይህ እውነት ነው። ሰው ግን የፈጠነበትን ምክንያት «ቆሻሻው ስለተጠረገ» አድርጎ ይወስደዋል። ቆሻሻ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችና የተረሱ ሰርቪሶች፣ የራሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም። እንደ እኔ ባለው ዲስክ ላይ ግን ትልቁ ድርሻ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ የሲስተም ፋይል በዚያ ቀን እንደ አዲስ ተጽፏል። ዊንዶውስ ሲነሳ ከሚያነባቸው ፋይሎች ብዙዎቹ በተጫኑበት ቀን ተጽፈው ከዚያ ወዲህ ያልተቀየሩ ናቸው፤ በላፕቶፕ ውስጥ ካለው ዳታ ሁሉ አንጋፋዎቹ እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል። የመነሻው ሰዓት መርዘም የአሮጌዎቹ ፎቶዎች ችግር እንደነበረ አላሰብኩም ነበር፤ ሁለቱ አንድ ሆነው ሲገኙ ብዙ ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ።

ምክንያቱን አለማወቅ ጉዳቱ ከዚህ ይጀምራል። ፎርማት አድርጎ የተገላገለ ሰው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ መንቀርፈፉ ሲመለስ ጥፋቱን ዊንዶውስ ላይ፣ አፕዴት ላይ፣ ወይም በራሱ አጠቃቀም ላይ ያሳብባል፣ እንደገናም ፎርማት ያደርጋል። ፎቶዎቹን በሌላ ክፍልፍል ላይ አስቀምጦ የሲስተሙን ብቻ ካጠፋ ደግሞ ሲስተሙ ፈጥኖ ፎቶዎቹ ቀርፋፋ ሆነው ይቀሩበታል፤ ያን ጊዜ ግራ መጋባቱ ከእኔው ይብሳል።

ማደስ

መፍትሔው ዳታውን መልሶ መጻፍ ከሆነ፣ መጀመሪያ ባክአፕ መያዝ ግድ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፣ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ የመላውን ዲስክ ግልባጭ ያዝኩ። ግልባጩን መያዝ ራሱ ሰዓታት ፈጀ፤ በሰከንድ 40 ሜጋባይት የሚያነብ ዲስክ ሲገለበጥ ሌላ ምን ይጠበቃል። ቀጥሎ ስማርት ላይ ሊታረሙ ያልቻሉ ስህተቶች የሚቆጠሩበትን ረድፍ አየሁ። እዚያ ያለው ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ዲስኩ መታደስ ሳይሆን መቀየር ያስፈልገዋል፤ የእኔው ዜሮ ነበር። ከዚያ አምራቹ ያወጣው አዲስ ፈርምዌር መኖር አለመኖሩን አረጋግጬ ጫንኩ፣ በመጨረሻም ግልባጩን መልሼ ጻፍኩበት።

እዚህ ላይ ሰው በቀላሉ የሚሰናከልባቸው ጉዳዮች አሉ። ፋይልን በዚያው ክፍልፍል ውስጥ ከፎልደር ወደ ፎልደር ማዛወር ወይም ስሙን መቀየር ምንም አያድስም፤ የሚቀየረው አድራሻው ነው፣ ዳታው ከተጻፈበት ሴል አይንቀሳቀስም። በአፕል ኤፒኤፍኤስና በሊኑክስ ቢትሪኤፍኤስ ላይ ደግሞ ኮፒ ማድረግም አይበቃ ይሆናል፤ እነዚህ የፋይል ሲስተሞች በዚያው ዲስክ ላይ ኮፒ ሲደረግ ሁለቱ ስሞች አንዱን ዳታ እንዲጋሩ ማድረግ ስለሚችሉ፣ ኮፒው በቅጽበት ካለቀ ምንም አልተጻፈም ማለት ነው። ወደ ሌላ ዲስክ አውጥቶ መመለስ ግን የትም ይሠራል።

ይህ ሁሉ ጽሕፈት ዲስኩን አይጎዳውም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል፣ ተገቢም ነው። ሙሉ 500 ጊጋባይት አንዴ መልሶ መጻፍ ግማሽ ቴራባይት ነው፤ በዚህ መጠን ያሉ ዲስኮች አምራቾቹ ዋስትና የሚሰጡበት የጽሕፈት ልክ በአብዛኛው ከመቶ ቴራባይት በላይ ነው። በዓመት አንዴ ማድረግ ከዚህ አንጻር የሚያሳስብ አይደለም። በየሳምንቱ ማድረግ ግን ከንቱ ነው፤ ኤስኤስዲን «ለማፍጠን» በየጊዜው እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ ዲፍራግ የሚያደርጉትንም (የተበጣጠሱ ፋይሎችን የሚያገጣጥሙትንም) በዚሁ ዓይን ነው የማያቸው።

ከታደሰ በኋላ የኤችዲ ቲዩን መስመር ሸለቆዎቹን አጥቶ ቀጥ አለ፣ ፎልደሩም እንደማንኛውም ፎልደር ሆነ። ክሪስታልዲስክማርክ ደግሞ ያው 540 አለኝ፤ በፊትም፣ በኋላም።

የቀረኝ በውጭ የሚሰካው ኤስኤስዲ ነው። አንዳንድ ኮንትሮለሮች አሮጌ ዳታን በራሳቸው ቢያድሱም ይህን የሚሠሩት ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ የሚውል ዲስክ ይህ ዕድል የለውም። የቺፕ ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት ጄዴክ ለግል ኮምፒውተር ዲስኮች ያወጣው መስፈርት፣ የጽሕፈት ልኩን የጨረሰ ዲስክ ያለ ኤሌክትሪክ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ዓመት ዳታውን እንዲጠብቅ ይጠይቃል። አዲስ ዲስክ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ ይይዛል፤ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ የማስቀምጠውን ወደ ሃርድ ዲስክ አዛውሬዋለሁ። በላፕቶፑ ላይ ያለውን የቪዲዮ ፋይል ግን እንደ መለኪያ ትቼዋለሁ። አልፎ አልፎ ሃሹን አስወጣለሁ፤ ንባቡ በሰከንድ ከ200 ሜጋባይት በታች ሲወርድ እንደገና አድሳለሁ። መውረዱ በዓመታት ሳይሆን በወራት ውስጥ ከመጣ ግን ሴሎቹ ቻርጅ የመያዝ አቅማቸው ደክሟልና ዲስኩን እቀይራለሁ።